ከጆሮዬ ሥር ያለው ጠባሳ

አቃቂ በሰቃ
ጥቅምት 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለወንድምጋሼ ተክሌ፣ ድሬዳዋ

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔና ልጄ ናፍቆት በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። «ሁለት ወር ሙሉ ምን ዋጠሽ?» ብለው መጠየቅዎ ትክክል ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሦስት ጊዜ ወረቀት ዘርግቼ ሦስቴም አጥፌ አስቀምጬዋለሁ። አሁን የምጽፍልዎት ኩምሳ ትናንት ባቡር ጣቢያ አግኝቶኝ «ደብዳቤ ካልሰጠሽኝ በቃሌ እነግራቸዋለሁ» ስላለኝ ነው። ባቡር ላይ ትኬት እየቆረጠ የሚያወራውን ስለሚያውቁት፣ ከእሱ ከሚሰሙ ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ቆሜ የተበጠሰ ክር ስቀጥል ጉንጬ ደማ። ከዚህ በፊትም ይደማ እንደነበር ያውቃሉ፤ በጨርቅ ጫን ስለው ያቆም ነበር። የዚያን ቀን እንቢ አለ። አጠገቤ የምትሠራው ጠጄ ሻሿን ፈትታ፣ በላዩ ነጠላዋን ደርባ በሁለት እጇ ተጭና ያዘችኝ። አለቃችን ሶሬሳ በፋብሪካው መኪና ሆስፒታል አደረሱኝ። ማሽኑ ላይ የነበረው ነጭ ክር ሁሉ ቀልቶ ነበር አሉ። እኔ ራሴን ስቼ ስለነበር አላየሁም።

እርስዎ ካዩኝ ስድስት ዓመት አለፈ። ያን ጊዜ እብጠቱ ጉንጬ ላይ ብቻ ነበር። ዛሬ ጆሮዬን ይዞ ወደ አንገቴ ወርዷል። መልኩ ወይን ጠጅ ነው፤ እጅ ሲያርፍበት ይሞቃል፣ ይመታል። ከልጅነቴ ጀምሮ በግራ ጆሮዬ የምሰማው የልቤ ምት አሁን በማሽኑ ጩኸት መሐል እንኳ ይሰማኛል። ታክሲ ስሳፈር ሰው እንዳያየኝ በግራ መስኮት በኩል ነው የምቀመጠው። የናፍቆት አባት ካረፈ ወዲህ ደግሞ መስታወት ማየት ትቻለሁ። ይኸን ሳልጽፍልዎት የቆየሁት፣ ከሩቅ ሆነው ምንም ላያደርጉልኝ ለምን ላሳዝንዎት ብዬ ነው።

ያዩኝ ሐኪም ዶክተር ጌዲዮን ይባላሉ። ገና ወጣት ናቸው፤ ሲናገሩ ቀስ ይላሉ። መጀመሪያ «ካንሰር አይደለም» አሉኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ አብሮኝ ያለ ነው። ደም ከልብ የሚያመጣው ቧንቧና ወደ ልብ የሚመልሰው ቧንቧ በሰው ሁሉ ገላ ውስጥ ከፀጉር በቀጠኑ ሥሮች ነው የሚገናኙት አሉ። የእኔ ጉንጭ ውስጥ እነዚያ ቀጫጭን ሥሮች ስለሌሉ፣ ደሙ በሙሉ ጉልበቱ ያለፋል። ስለዚህ ያብጣል፣ ስለዚህ ይደማል። ሌላ ጊዜ እንዲያ ቢደማ ሆስፒታል ላልደርስ እንደምችልም ሳይደብቁ ነገሩኝ። ቆርጠው ሊያወጡት ያስባሉ።

ከዚያ ከጆሮዬ ሥር ያለውን ጠባሳ አዩና በጣታቸው ተከተሉት።

«እዚህ ጋ ማነው የቀደደሽ?»

«ልጅ ሆኜ ቡግንጅ ወጥቶብኝ ነው» አልኳቸው።

«ማን ነገረሽ?»

«ታላቅ ወንድሜ።»

«በሕይወት አሉ?»

«ድሬዳዋ ናቸው፣ ባቡር ጥገና ነው የሚሠሩት።»

«ደግመሽ ጠይቂልኝ» አሉኝ።

ይኸው ጠየቅኩዎት። ናፍቆት ጉልበትዎን ሳመችልኝ ብለው ይቀበሉልኝ።

ታናሽ እህትዎ አቻምየለሽ


ድሬዳዋ
ጥቅምት 27 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአቻምየለሽ

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጉልበቴ እንደነበረ ነው፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ ያስቸግረኛል። እዚህ ሙቀቱ ገና አልበረደም። ባለፈው ሳምንት አንድ የዕቃ ፉርጎ ሀዲድ ስቶ ሁለት ቀን ሳንተኛ ነው ያነሳነው፤ መልሱ የዘገየው በዚያ ምክንያት ነው። ናፍቆት በትምህርቷ አራተኛ መውጣቷን ከኩምሳ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሒሳብ እንዳትሰንፍ ተከታተያት።

በምትሠሪበት ቦታ ለረዱሽ ሰዎች እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሏል ወንድሜ በይልኝ። ወይዘሮ ጠጄን በተለይ።

አቻም፣ ኦፕራሲዮኑን ተዪው። ሰው ከነሕመሙ ብዙ ዘመን ይኖራል። ስንዴ ቆሎ አትብዪ፣ ከባድ ነገር አታንሺ፣ ሲደማም ቶሎ ተጫኚው። ልጅሽ ካንቺ በቀር ማንም የላትም። ሐኪሙ ወጣት ነው ብለሻል፤ ወጣት ደፋር ነው። አንገት ደግሞ እጅና እግር አይደለም። ያን ቦታ እንዳይነካው ንገሪው፤ አንድ ጊዜ መነካቱ ይበቃል።

ስለ ጠባሳው የማውቀውን ነግሬሻለሁ። ቡግንጅ ነበር።

በርትተሽ ቆዪኝ።

ወንድምሽ ተክሌ


አቃቂ በሰቃ
ኅዳር 11 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለወንድምጋሼ ተክሌ

እንደምን ከረሙ? ምክርዎን ከልቤ ተቀብዬዋለሁ፤ ቆሎም ትቻለሁ። በሌላው ነገር ላልታዘዝዎት ስለሆነ ግን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በዚህ ሳምንት አንገቴ ውስጥ በመርፌ ቀለም ሰደው ራጅ አነሱኝ። ቀለሙ ሲገባ ፊቴ ሁሉ እሳት የተጠጋው ያህል ጋለ። በማግስቱ ዶክተር ጌዲዮን ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅለው «ነይ እይ» አሉኝ። ወንድምጋሼ፣ የራሴን አንገት ውስጡን አየሁት። በቀኝ በኩል ወፍራሙ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ይወጣና ይሰነጠቃል፤ አንዱ ወደ አንጎሌ፣ አንዱ ወደ ፊቴ ይሄዳል። በግራ በኩል ወደ አንጎል የሚሄደው ደህና ነው። ወደ ፊቴ የሚሄደው ግን ትንሽ እንደወጣ ድንገት ይቆማል። ጫፉ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል።

«እዚህ ጋ ታስሯል» አሉኝ። «ቡግንጅ የሚያፈርጥ ሰው ይኸን ቧንቧ አያገኘውም። ያሰረው ሰው ፈልጎ፣ አውቆ ነው ያሰረው።»

ከዚያ እርሳሳቸውን ወደ ቀኝ ወሰዱ። «ደሙን ተመልከቺው። መንገዱ ሲዘጋበት ከማዶ ተሻግሮ መጣ። ከአንገትሽ ጀርባም መጣ። ይኸ ሥር በሌላ ሰው ላይ የስፌት ክር ያክላል፤ ያንቺ እርሳስ አክሏል። ሠላሳ ዓመት መንገድ ሲሠራ ነው የኖረው።»

እኔ ስተኛ፣ ስሠራ፣ ስዳር፣ ስወልድ፣ ማንም ሳያዘው እዚያ ውስጥ እየቆፈረ ይሄድ ነበር። መፍራቴ አልቀረም። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን መገረሙ በለጠብኝ። ወደ በሰቃ ስመለስ ታክሲው ውስጥ የሰዎችን አንገት ሳይ ነበር። ሁሉም ያን ሁሉ ነገር ተሸክሞ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራል።

በደብዳቤዎ «አንድ ጊዜ መነካቱ ይበቃል» ብለው ጽፈዋል። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። አልተቆጣሁም፤ ግን ቡግንጅ እንዳልነበረ አሁን ሁለታችንም እናውቃለን።

ታኅሣሥ ላይ ከውጭ አገር አንድ ሽማግሌ ሐኪም ለሦስት ሳምንት ይመጣሉ። ዶክተር ጌዲዮን ከእሳቸው ጋር ሆነው ሊሠሩኝ ቀኑን ለታኅሣሥ 22 ቆርጠዋል። በዚያው በአሮጌው ጠባሳ በኩል ነው የሚገቡት። ስለዚህ ማን እንዳሰረው፣ ስንት ቦታ እንዳሰረው፣ ከታሰረ በኋላ እጄ ወይም አንደበቴ ሰንፎ እንደነበረ ማወቅ አለባቸው። «ሳላውቅ ብገባ ጨለማ ቤት እንደመግባት ነው» ብለውኛል።

የሚያስፈራዎት ነገር ካለ ለእኔ ይጻፉልኝ። ሌላ ሰው አያነበውም።

አቻምየለሽ


ድሬዳዋ
ኅዳር 24 ቀን 1990 ዓ.ም.

አቻም፣

ተቀምጠሽ አንብቢው። ልጅቷ አጠገብሽ ባትኖር ይሻላል።

የጻፍኩልሽ ውሸት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ስናገረው ስለኖርኩ እውነት ሊመስለኝ ደርሶ ነበር።

ሚያዝያ 1959 ዓ.ም. ነው። አባታችን ሀዲድ ጥገና ላይ ሳለ ሁላችንም በዚያች ትንሽ ጣቢያ እንኖር እንደነበር ሰምተሻል። አንቺ አራት ዓመትሽ፣ እኔ አሥራ ሰባት። እናታችን ለለቅሶ ሐረር ሄዳለች፤ አባታችን ከሠራተኞቹ ጋር መስመር ላይ ወጥቷል። ጠባቂሽ እኔ ነበርኩ። ልክ እኩለ ቀን ላይ ከባቡር መጠበቂያው ስትዘዪ ወድቀሽ ሀዲዱ መታሽ። ያን ጊዜ ትንሽ የነበረው የጉንጭሽ እብጠት ጆሮሽ አጠገብ ተሰነጠቀ።

ደም ከዚያ በፊት አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። እየዘለለ ነበር የሚወጣው፤ ደረቴንና ግድግዳውን መታው። አቅፌሽ ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ። ክሊኒክ የምልሽ አንድ ክፍል ነው፤ አያና የሚባል ድሬሰር ነበረበት። ኮሪያ የዘመተ ሰው ነው፣ ዝምተኛ። ሲያይሽ አልደነገጠም። ጣቴን ይዞ ከመንጋጋሽ ሥር አስገባና «እዚህ ተጫን። ካነሳህ ትሞታለች» አለኝ።

ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ገና አራት ሰዓት ይቀረው ነበር። አያና ሰዓቱን አየና «አትደርስም» አለ። ከዚያ የተናገረውን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፤ አንዱንም አልረሳሁም።

«ዋናውን ቧንቧ ባስረው ይቆማል። ኮሪያ ሁለት ወታደር ላይ አስሬአለሁ።»

«ዳኑ?»

«አንዱ ዳነ። የዚህችን ዓይነት እብጠት ግን አላውቀውም። ግማሽ ጎኗ ሊሰንፍ ይችላል፣ አንደበቷም ሊዘጋ ይችላል። አባትህ የለም፤ ወንድሟ አንተ ነህ። ልሰር ወይስ ልተው?»

እኔ «እሰር» አልኩት።

ለጥርስ የሚሆን ትንሽ ማደንዘዣ ነበረው፤ እሱን ወጋሽ። ከዚያ ከጆሮሽ ሥር ወደ ታች ቀደደ። እየጮኽሽ ስሜን ትጠሪ ነበር። ጣቴን አላነሳሁም። በሁለት ጣቱ እየዳበሰ ገባ፣ የሚመታውን አገኘ፣ ጥቁር የሐር ክር አዞረበትና አሰረው። አንድ ቦታ ብቻ ነው። ይኸን ለሐኪሙ ንገሪው። «አሁን ጣትህን አንሳ» አለኝ። ማንሳት አቃተኝ፣ ደርቆ ነበር። እሱ በእጁ ይዞ አነሳልኝ። ደም አልመጣም።

ሦስት ቀን ምላስሽን እያስወጣ፣ እጅሽን እያስጨበጠ ሲያይሽ ሰነበተ። ምንም አልሰነፈም። ይኸንንም ንገሪው።

አባታችን ሲመለስ አንገትሽን አየና አበደ። «በማን ፈቃድ ነው ልጄን የቀደድካት?» አለው። እኔ አጠገባቸው ቆሜአለሁ። አያና አየኝ። ከዚያ ወደ አባታችን ዞሮ «በራሴ ነው» አለ።

እኔ ዝም አልኩ።

አባታችን ሊከሰው ሲነሳ አያና በሳምንቱ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። በዓመቱ እብጠቱ ማደግ ጀመረ፤ አባታችን አንቺ በሌለሽበት «ያ ሰው ቀስቅሶት ነው» እያለ እስኪሞት ሲረግመው ኖረ። እኔም ያቺን «እሰር» ያልኳትን ቃል ባልናገር ኖሮ ፊትሽ እንደ ሰው ፊት ይሆን ነበር እያልኩ ኖርኩ። ስድስት ዓመት አቃቂ እንዳልመጣ ያስቀረኝ ሥራ አይደለም። እብጠቱን ማየት አልቻልኩም።

እንግዲህ ይኸው ነው። እንድትመልሺልኝ አልጠይቅም።

ተክሌ


አቃቂ በሰቃ
ታኅሣሥ 18 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለወንድምጋሼ

ነገ ሆስፒታል እተኛለሁ፤ ስለዚህ አሳጥሬ እጽፋለሁ።

«እንድትመልሺልኝ አልጠይቅም» ያሉትን አልቀበልም። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ጣትዎን አላነሱም። ሌላውን ሁሉ ስንገናኝ እናወራዋለን።

ደብዳቤዎን ለዶክተር ጌዲዮን አነበብኩላቸው። ቆመው ነበር የሰሙኝ፤ ስጨርስ ተቀመጡ። «ያን ቀን ባያስርሽ ኖሮ ዛሬ ማንን ነበር የማክመው?» አሉኝ። ቧንቧውን ብቻ አስሮ እብጠቱን መተው በኋላ እንደሚያሳድገው ያን ጊዜ ትልልቅ ሆስፒታሎችም ገና እየተማሩት ነበር አሉ። «አንድ ቦታ፣ የሐር ክር» ብለው ካርዴ ላይ ጻፉት።

አሥር ከረጢት ደም ያስፈልጋል ተብሎ ነበር። እኔ አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም። ጠጄ ናት ሺፍት መቀየሪያ ሰዓት በር ላይ ቆማ የተናገረችው። ሰኞ ጠዋት ሶሬሳ መኪና ይዘው መጡ፤ ሃያ አንድ ሰው ተጭኗል። ግማሹን በስም አላውቃቸውም። ሐጀራን ደምሽ ትንሽ ነው ብለው መለሷት፤ ተመልሳ ተሰለፈች፣ ደግመው መለሷት። ዘበኛው አደሴ መርፌ ሲያይ ፊቱ ነጣ። «ጋሽ አደሴ፣ ይቅርብዎ» ስለው ዓይኑን ጨፍኖ «እኔ ልጅቷን በር ላይ አሥራ አራት ዓመት ስፈትሽ አንድ ቀን ቀና ብላ አላየችኝም። ቀና ስትል ማየት እፈልጋለሁ» አለ።

ሃያ ሰው ሰጠ። የሃያ ሰው ደም ስሜ ተጽፎበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጧል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሻሼን እስከ አፍንጫዬ አውርጄ ያለፍኳቸው ሰዎች ናቸው። ምን ብዬ እንደማመሰግናቸው ሳላውቅ ቤቴ ገብቼ ወለል ላይ ተንበረከክሁ።

ፊቴን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በእብጠቱ መሐል ስለሚያልፍ ሊጎዳ ይችላል። ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። ከሆነ ናፍቆት ጠጄ ቤት ትቆይና እርስዎ ይመጣሉ። ልብሷንና የትምህርት ወረቀቶቿን ሰማያዊው ሻንጣ ውስጥ አድርጌአለሁ።

ይጸልዩልኝ።

አቻም


ድሬዳዋ
ጥር 4 ቀን 1990 ዓ.ም.

አቻም፣

ይኸ ደብዳቤ በማን እጅ እንደሚገባ አላውቅም። ወይዘሮ ጠጄ ሆይ፣ ከከፈቱት እርስዎ ያንብቡት፤ ከዚያም ደግ ቢሆን ክፉ፣ የሆነውን ይጻፉልኝ።

ሁለት ሳምንት ሆነ። ኩምሳ አሞት ቤቱ ተኝቷል፤ በሱ ቦታ የተተካው ሰው አቃቂን አያውቅም። ሆስፒታል ስልክ አስደውዬ «ተሠርታለች» ከሚል ቃል በቀር የሰማሁት የለም፤ መስመሩ ተቋረጠ። ተሠርታለች ማለት ምን ማለት ነው? ባቡር በገባ ቁጥር ጣቢያ እቆማለሁ። ፈቃድ ጠይቄአለሁ። እስከ ጥር አጋማሽ ምንም ካልመጣ እነሳለሁ።

ገና በዓል ብቻዬን ዋልኩ። ምግብም አልወረደልኝ።

ተክሌ


አቃቂ በሰቃ
ጥር 13 ቀን 1990 ዓ.ም.

ወንድምጋሼ፣

ይኸ የእኔ የእጅ ጽሕፈት ነው። ከሰላምታ በፊት ይኸን እንዲያውቁ ብዬ ነው። አለሁ። ትናንት ቤቴ ገባሁ።

ስላስጨነቅኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጠጄ ጽፋልዎት ነበር፤ ፖስታ ቤት የጣለችው የት እንደቀረ እንጃ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የሠሩኝ። አሥራ ሦስት ከረጢት ደም ገባልኝ። በመሐል ሁለት ጊዜ ደሙ አምልጧቸው፣ ሽማግሌው ሐኪም በጣታቸው ተጭነው ይዘው ዶክተር ጌዲዮን ሰፍተውታል። ይኸን ሲነግሩኝ እርስዎ ትዝ አሉኝ።

የነቃሁበትን ላጫውትዎት። ጉሮሮዬ ላይ ቱቦ አለ፣ መናገር አልችልም። ክፍሉ ውስጥ ብርሃን አለ፣ ሰው ይንቀሳቀሳል። አንድ ነገር ግን የለም። ምን እንደጎደለ ፈለግኩት። ጸጥ ብሏል። ከተወለድኩ ጀምሮ ሌት ተቀን በግራ ጆሮዬ የሰማሁት ድምፅ የለም። የሞትኩ መሰለኝ። ሞት ማለት ይኸ ነው፣ አያምም አልኩ በልቤ። ከዚያ አጠገቤ የነበረችውን አሰፋች የምትባል ሲስተር በእጄ ምልክት ወረቀት ለመንኳትና «ልቤ ቆሟል?» ብዬ ጻፍኩ። አንብባ ቀኝ ጣቴን ወስዳ የግራ እጄን አንጓ አስነካችኝ። ይመታል። ግን አይሰማም። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚኖረው? እናንተ ሁላችሁ በዚህ ጸጥታ ውስጥ ነበራችሁ? ዕንባዬ በፋሻው ላይ ወረደ። እሷም አብራኝ አለቀሰች።

ያስወጡትን ሥጋ አላየሁም። በቦታው ከደረቴ ቆዳ አዙረው ሰፍተውበታል፤ ቀለሙ ከፊቴ ትንሽ ይለያል። ሁሉም አልወጣም፤ ከራስ ቅል ሥር ጥቂት ቀርቷል፣ ሊያስወጡት ቢሞክሩ እንደምሞት ስላወቁ ተዉት። በየስድስት ወሩ እየሄድኩ እታያለሁ። ከነርቩም አንዱ ቅርንጫፍ ተቆርጧል። ስስቅ ከንፈሬ በቀኝ ብቻ ነው የሚሄደው። ዓይኔ ግን ይከደናል። ዶክተር ጌዲዮን በየጠዋቱ «ጨፍኚ» እያሉ፣ ስጨፍን ልጃቸው የተራመደ ያህል ነበር የሚደሰቱት።

ክሩን አገኙት። ጠባሳው ውስጥ፣ እርስዎ ባሉት ቦታ፣ አንድ ብቻ። ሽማግሌው ሐኪም ሥራውን አስቁመው ለተማሪዎቹ ሁሉ አንድ በአንድ አሳዩአቸው። «ይኸን ያሰረው ሰው በአንድ ክፍል ክሊኒክ ውስጥ፣ በሕፃን አንገት ላይ፣ ከአንጎሏ ቧንቧ በአንድ ጣት ርቀት ነው ያሰረው። ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢሆን ገድሏት ነበር» አሉ ተባለ። ኋላ በትንሽ ጠርሙስ አድርገው ሰጡኝ። እኔ ሃያ ዓመት ክር ስቋጥር ነው የኖርኩት። በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ሦስት ዙር ነው፤ አንዱም አልላላም።

ናፍቆት ፋሻው ሲነሳ ገብታ ብዙ አየችኝ። ትፈራለች ብዬ ነበር። «እማዬ፣ ጆሮሽ ትንሽ ነው ለካ» አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የእናቷን ጆሮ አይታው አታውቅም ነበር።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ያ ሰው፣ አያና፣ በሕይወት ካለ ይፈልጉልኝ። ይኸን ደብዳቤ ያንብቡለት። እኔ መንገድ ገና አልተፈቀደልኝም።

እህትዎ አቻምየለሽ


መኢሶ
የካቲት 15 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአቻምየለሽ፣ ከነልጅሽ ሰላም ዋዪልኝ

የላክሽውን ከሃያ ጊዜ በላይ አንብቤዋለሁ። ወረቀቱ በማጠፊያው ሊቀደድ ደርሷል። ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልሱ አዎ ነው። ይኸን የምጽፍልሽ ከሱ ቤት ሆኜ ነው።

ኩምሳ ተሽሎት ከአልጋው እንደተነሳ በየጣቢያው ሽማግሌዎችን እየጠየቀ አፈላለገልኝ። በሦስተኛው ሳምንት «መኢሶ ላይ ኮሪያ የዘመተ፣ ለሰፈሩ ሰው ቁስል የሚያጥብ አያና የሚባል አለ» ብሎ መጣ። ዓርብ ተሳፍሬ መጣሁ።

ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ቁስሉን አሁን የምታጥበው ልጁ ናት፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ይነግራታል። አላወቀኝም። ስሜን ነገርኩት፣ የጣቢያዋንም ስም ነገርኩት። ከተቀመጠበት ተነሳ። ቀጥሎ የሚለውን ሳልሰማ ልናገር ብዬ «አባቴ ፊት ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። እሰር ያልኩህ እኔ ነኝ» አልኩት።

«ልጅ ነበርክ» አለኝ። «ደግሞም ኋላ ለአባትህ እውነቱን ያልነገርኩት ሐዘንተኛ ላይ ምን እጨምራለሁ ብዬ ነው።»

«የምን ሐዘን?»

«የእህትህ ነዋ።»

አቻም፣ አያና ሞተሻል ብሎ ነው የኖረው። በሄደ በሰባተኛው ወር አንድ የባቡር ሰው «የዚያ ጣቢያ ሕፃን ልጅ ሞተች» አለው። የሞተችው የውሃ ቀጂው ልጅ ነበረች፣ በወባ። እሱ ግን አንቺ መስለሽው፣ ክሩ ለቆ ደም ፈሷት ነው ብሎ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ቀዶ አያውቅም።

«በሕይወት አለች» አልኩት። ደብዳቤሽን አውጥቼ አነበብኩለት። ሦስት ዙር፣ አንዱም አልላላም የሚለው ጋ ስደርስ በእጁ አስቆመኝና እንድደግምለት ጠየቀኝ። ደገምኩለት። ከዚያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስትተኛ ዓይኗ ይከደናል?» አለ። ይከደናል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ልጁ ከሳጥን አንድ ደብተር አመጣችለት። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው የጸሎት ስም ዝርዝር ነው። በአንድ ገጽ ሕያዋን፣ በአንድ ገጽ ሙታን። ከሙታኑ መካከል የአባቱ ስም አለ፣ የእናቱ አለ፣ ያ ያልዳነው ወታደር አለ። ከሱ ቀጥሎ «የጣቢያዋ ሕፃን» ይላል። የክርስትና ስምሽን ስላላወቀ፣ ሠላሳ ዓመት በየዓመቱ በሚያዝያ ለነፍስሽ ያስጸለየው በዚያ ስም ነው።

«ስሟ ማነው?» አለኝ።

«ወለተ ሐና።»

ልጁ ልትጽፍለት ብዕሩን ስትቀበለው ከለከላት። በሚንቀጠቀጥ እጁ መስመሩን ሰረዘው፣ ከዚያ ገጹን ገልጦ በሕያዋን ዘንድ ጻፈሽ። ብዙ ደቂቃ ፈጀበት፤ ፊደሉም ጠማማ ነው። ማንም አልረዳውም።

ዛሬ እሑድ ነው። በቅዳሴው መጨረሻ ካህኑ ስሞቹን ሲያነቡ አያናና እኔ ጎን ለጎን ቆመን ነበር። ወለተ ሐና ብለው በሕያዋን መካከል ጠሩሽ። አያና እጄን ያዘ። ሁለታችንም አልተነፈስንም፤ የሚቀጥለው ስም እስኪጠራ ድረስ።

ወንድምሽ ተክሌ